ጸጥታ በጥድፊያ አይጻፍም

እህቴ ከዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የተመለሰችበትን ቀን የማስታውሰው በጉንጯ ነው። ግራ ጉንጯ ላይ፣ ከዓይኗ ሥር እስከ አገጯ ድረስ፣ ግራጫ ነጥቦች ነበሩ። አንዱ ወደ አፍንጫዋ ጠጋ ያለ፣ ሌላው ወደ ጆሮዋ ሸሸት ያለ፣ ግን ሁሉም መስመራቸውን የጠበቁ። ሰባት ዓመቴ ነበርና፣ ፈተና የጨረሰ ሰው ሁሉ ሲወጣ በር ላይ የሚመታለት ማኅተም መሰለኝ። ቀናሁ። እርሳስ ፈልጌ መስታወት ፊት ቆምኩና የራሴን ጉንጭ ነጠብኩ።

አባቴ አንዴ እሷን አየ፣ አንዴ እኔን አየ። እሷን ትንሽ ቆየት አድርጎ ነው ያያት።

"ታጠቡ፣ ሁለታችሁም" አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

አባቴ ታፔላ ጻፊ ነበር። ከመንገዳችን ሱቆች ግማሾቹ ስማቸውን ያገኙት ከእሱ ብሩሽ ነው። የሥራ ሕጉ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ደንበኛ ጽፎ ያመጣውን አትጨምር፣ አትቀንስ። አንድ ጸጉር አስተካካይ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ የላከለትን እንዳለ አስፍሮለት፣ በቀይና በቢጫ፣ በሚያምር ጥላ፣ እንዲህ የሚል ታፔላ ሱቁ በር ላይ ተሰቅሏል፦ "ዘመናዊ የጸጉር ሥራ። ለከነገ ወዲያ ይድረስልኝ፣ አደራ።"

ጸጉር አስተካካዩ ሊጣላ መጥቶ ነበር። አባቴ ብጣሿን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣ።

"ይሄ የማን እጅ ጽሑፍ ነው?"

"የኔ።"

"ታዲያ?"

ሰውዬው ሄደ። ታፔላው ዛሬም አለ። ሱቁን ሰው ሁሉ "አደራ ቤት" ይለዋል፤ ወረፋውም አይጣል ነው።

ያን ጊዜ የገባኝ አባቴ ለሰው ቃል ክብር የሚሰጥ መሆኑ ነበር። ትምህርቱን ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ መሆኑን፣ ፊደልን ሁሉ አሳምሮ ቢጽፍም አረፍተ ነገር ሲያነብ ግን ወንዝ በድንጋይ እንደሚሻገር ሰው አንዷን ሳይረግጥ ወደ ሌላዋ እንደማይዘል ያወቅሁት ራሴ ማንበብ ከቻልኩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንድ ሥራ ሲጨርስ ገልብጦ ያየዋል። "ቀና ያለ ፊደል ያታልላል፤ ተገልብጦ ካማረ ግን አምሯል" ይላል። ለታፔላ ጻፊ ትክክለኛ ዘዴ ነው። ለእሱ ደግሞ ምቹም ነበር። እኔ ግን አባቶች ሁሉ የሚያነቡት ገልብጠው ይመስለኝ ነበር።

የፈተናው ውጤት በመጣ ቀን ቁጥሩን ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው የለም። እማዬ ወረቀቱን አይታ ቁጭ አለች። እህቴ፣ እኔ እታለም ነው የምላት፣ የሹራቧን እጅጌ እየጎተተች ቆማለች።

"ማሽኑ ነው" አለች በመጨረሻ።

"የምን ማሽን?" አለ አባባ።

"መልስ የሚያርመው ማሽን ነው። ክቦቹን በእርሳስ ማጥቆር አለ አይደል? በደንብ ካልጠቆሩ አያነባቸውም። እኔ ያጠቆርኩት ሳስቷል መሰለኝ… አላነበበልኝም።"

አባባ ብሩሹን አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። ቀስ ብሎ።

"ቀለሙ ሳሳ ነው የምትዪኝ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"የታፔላ ጻፊ ልጅ" አለ አባባ ለግድግዳው። "በማጥቆር። ወደቀች።"

በሒሳብ ወድቃ ቢሆን ኖሮ ያጽናናት ነበር።

እንደገና መፈተን የሚቻለው አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠብቃት እማዬ የምትሠራበት ላውንደሪ ነበር፤ ከእማዬ የካውያ ጠረጴዛ አጠገብ ሌላ ባዶ ጠረጴዛ ነበረ፣ እማዬም ስለዚያ ጠረጴዛ በተነሳ ቁጥር ድምጿ ይቀንሳል። እታለም ጠረጴዛውን አንዴ አይታዋለች። በእንፋሎት ያበጠ ጣውላ ነው።

በማግስቱ አባባ ከቆርቆሮ ላይ አንድ ልክ ክቦች፣ አራት አራት አድርጎ በሳ። ቆርቆሮውን ወረቀት ላይ እያደረገ በቀጭን ብዕር መቶ ሃምሳ ረድፍ ክብ አወጣ። ሁለት ቢ የሚባለውን እርሳስ ከሌሎች ሦስት ዓይነት እርሳሶች ጋር አወዳድሮ፣ በፀሐይ አይቶ፣ በጣቱ አሽቶ፣ መረጠ። ከዚያ እታለምን ወርክሾፑ ውስጥ፣ በጀርባው በኩል ባለችው ጠረጴዛ አስቀመጣት።

"ከዳር ጀምረሽ ወደ መሃል። ከመሃል የጀመረ ሁሌም ከመስመር ይወጣል። ክርንሽ ይረፍ። ትንፋሽሽን ያዢ።"

እታለም ያዘች።

"ከመስመሩ አትውጪ። እንደዚህ። እንደዚህ። ጎሽ።"

ፊቷ ቀላ።

"ተንፍሺ እንጂ! መቶ ሃምሳውን ሁሉ ሳትተነፍሺ ልትጨርሺው ነው እንዴ?"

እማዬ መጥታ ተመለከተችና "ጉልበት የለውም እጇ" ብላ ፈረደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እታለም ከማጥቆሯ በፊት ሁለት እርጥብ አንሶላ ትጨምቃለች። እጅ የሚጠነክረው በአንሶላ ነው፤ እማዬ ይሄን ከማንም በላይ ታውቃለች።

የማሽኑን ጠባይ የነገረን ጎረቤታችን ነው። ጡረታ የወጣ ታይፒስት ነበር። ሲናገር በየቃሉ መሃል ስለሚያርፍ የሰፈሩ ሰው ነጠላ ሰረዝ ይለዋል፤ ፊት ለፊት ግን ጋሼ ነው።

"እኔ፣ ማሽኑን፣ በዓይኔ፣ አይቼዋለሁ" አለ ጋሼ። "አፍ፣ አለው። ወረቀቱን፣ ይውጣል። ቀቅቅቅ፣ ይላል። የጠቆረችውን፣ እንደ ዶሮ፣ ለቀም፣ ለቀም።"

"ያልጠቆረችውንስ?" አልኩ እኔ።

"ዞር፣ ብሎም፣ አያያት።"

ጉዳዩ ተፈታልኝ። ዩኒቨርሲቲ ማለት በር ላይ ትልቅ ዶሮ የቆመበት ቤት ነው። ዶሮዋ ወረቀትሽን ከወደደችው ትገቢያለሽ። እታለም ጥሬዋን ያላበሰለች ሆና ተመልሳለች፤ አሁን አባባ ጥሬ ማብሰል እያስተማራት ነው። እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ትልልቅ ሰዎችን ለምን እንደሚያስጨንቃቸው ብቻ አልገባ አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት አባባ አንድ ነገር ቅር አለው።

"ባዶ ክብ ማጥቆር ሥራ አይደለም" አለ። "ደንበኛ የሌለው ታፔላ ማለት ነው። የቱን እንደምታጠቁር የሚነግራት ጥያቄ ያስፈልጋታል።"

ስለዚህ ጋሼ የቆዩ ፈተናዎች የታተሙበት ወፍራም መጽሐፍ ይዞ ከሰዓት ከሰዓት ይመጣ ጀመር። እሱ ያነባል፣ እሷ ታጠቁራለች። መጨረሻ ላይ መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ ያመሳክራል። የተሳሳተች ክብ ከተገኘች በላጲስ ትጠፋለች፣ ላጲስ ደግሞ ዳመና የመሰለ እድፍ ይተዋል፣ አባባ ደግሞ እድፍ አይወድም።

"ላጲስ የነካው ሥራ ከእኔ ቤት አይወጣም። አዲስ ወረቀት!"

"አባባ፣ አንድ ክብ ናት እኮ!"

"ታፔላም ላይ አንዲት ፊደል ናት።"

እንደገና ከአንድ እስከ መቶ ሃምሳ። እታለም እርሳሷን ከማሳረፏ በፊት ረጅም ጊዜ ማሰብ ጀመረች። እኔ ፈራች ብዬ ነበር። አሁን፣ የከተማው ወላጆች ለልጆቻቸው አስጠኚ ፍለጋ ሲራወጡ ባየሁ ቁጥር፣ ያ የቆርቆሮ ወንፊት ትዝ ይለኛል፤ በስድስት ወር ውስጥ እህቴ ወፍራሙን መጽሐፍ አራት ጊዜ ጨርሳ፣ መጨረሻ ላይ ጋሼ "ጥያቄ፣ ቁጥር፣" ሲል መልሱን ታጠቁር ነበር። ጥያቄው እስኪደርስ መጠበቅ ሰልችቷት ነው።

አንዳንዴ ግን የጋሼ ነጠላ ሰረዞች ይረዝሙና የእታለም ጭንቅላት ወደ ወረቀቱ ዘንበል፣ ዘንበል ይላል። ያኔ አባባ ዞር ሳይል የቀለሙን ቆርቆሮ በብሩሹ እጀታ ኳ ያደርገዋል። እታለም ቀና ትላለች። ብሩሹን የሚያራግፍ ይመስለኝ ነበር።

እኔም በጠረጴዛው ሌላ ጫፍ ተቀምጬ የራሴን ክቦች አጠቁር ነበር። ጥያቄ አልነበረኝም፣ ስለዚህ ፈጣን ነበርኩ። አባባ የሁለታችንን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ይገለብጣል።

"ነጥቤ!" ይለኛል፤ በመጠኔም በሥራዬም ነጥብ ነበርኩ። "እዩዋት እስቲ ይቺን። አየሽ የታናሽሽን?"

"አባባ፣ እሷ እኮ ጥያቄ የላትም!"

"ጥያቄ ባይኖራት እጅ አላት።"

ከዚህ በኋላ ዩኒቨርሲቲ የምገባው እኔ መሆኔን አልተጠራጠርኩም። በፌስታል አንድ የጥርስ ብሩሽ፣ አንድ ካልሲና መቅረጫ አዘጋጀሁ። ለአንደኛ ክፍል መምህሬም ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ እንደማልመጣ ነገርኳት። "እሰይ" አለችኝ። እንዴት አዘነች ብዬ ነበር ያሰብኩት።

አንድ ቀን ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ እማዬና እታለም ሳህን እያጠቡ ሲያወሩ ሰማሁ።

"ንገሪው" ትላለች እማዬ።

"በምን አፌ? ያን ሁሉ ቆርቆሮ በስቶ?"

"የቆርቆሮው ነገር ይቅርብሽ።"

"ያሳፍራል እማዬ። ሁሉም አይተውኛል እኮ። ፈታኙ ራሱ ነው መጥቶ የ…"

ቧንቧው ተከፈተና የቀረውን ውሃ ወሰደው። ከዚያ እታለም አለቀሰች፤ እማዬ ደግሞ ሳህን እያጠበች መሆኗን ረስታ በሳሙና እጇ ጸጉሯን ትዳብሳታለች።

ተረዳሁ። እታለም እጇ ታሟል። ማጥቆር ጭራሽ አትችልም፤ ፈታኙም አይቶባታል። ለአባባ መንገር ያቃታት ይሄን ነው። ታላቅ እህት በታናሽ እጅ እንዴት ትበለጣለች? እኔ ግን ልቤ ሩህሩህ ነበር። ዩኒቨርሲቲውን ልለቅላት ወሰንኩ።

ዕድሉ የመጣው ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። የምርጫ ፎርም የሚባል ወረቀት ቤታችን ደረሰ። አሥር መስመር አለው፣ በየመስመሩ ሠላሳ ክብ፤ እያንዳንዷ ክብ የአንድ ትምህርት ቁጥር ናት፤ በየመስመሩ አንድ ክብ ብቻ ይጠቆራል። ከታች "በላጲስ የተነካ ፎርም ተቀባይነት የለውም" ይላል። አባባ ይሄ ሲነበብለት "በስንት ጊዜው አንድ ቁም ነገረኛ መሥሪያ ቤት" ብሎ አደነቀ።

"አንደኛው ሕክምና ነው" አለች እማዬ። "ከዚያ በታች የፈለግሽውን።"

እታለም ፎርሙን ከሻይ ትሪው ሥር አደረገችው። "ነገ እሞላዋለሁ" አለች። በነጋታውም "ነገ" አለች። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ትሪው አለ። ፎርሙ አለ። ሁለት ቢ እርሳስ አለ።

አሰብኩ። ዶሮ ናት። ዶሮ ምን ትወዳለች? ትል።

በየመስመሩ አንዲት ክብ እያጠቆርኩ፣ ከላይ ጭንቅላቷን፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ወዝወዝ፣ ወደ ግራ ወዝወዝ፣ መጨረሻ ላይ ጅራቷን ትንሽ ቆልመም አድርጌ፣ አሥር ነጥብ ያላት የተዋበች ትል ሠራሁ። ከዳር ወደ መሃል። ትንፋሼን ይዤ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የተሻለው ሥራ ነው፤ ይሄን የምለው ሁለት መጽሐፍ ካሳተምኩ በኋላ ነው። ፎርሙን ወደ ትሪው ሥር መለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አባባ አነሳው። ገለበጠው። ረጅም ጊዜ አየው። አቀናው። እንደገና ገለበጠው። ከዚያ እኔን አየኝ፤ ፊቴን ሳይሆን ጣቶቼን።

"ፊርማ አለበት?" አለ።

"አለበት፣ ይኸው" አለች እማዬ ከታች እያሳየችው። "ማታ ፈርማበት ነው የተኛችው። ሕክምናው የቱ ጋ እንደሆነ እንጃ፣ ቁጥር ብቻ ነው።"

"ከተፈረመማ አለቀ" አለ አባባ። ፎርሙን በሁለት ስስ ጣውላ መሃል አድርጎ፣ በገመድ አስሮ፣ እንደ መስታወት ተጠንቅቆ በብስክሌቱ ይዞት ሄደ። ከዓለም ሕዝብ ምስጢሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ።

የመጨረሻው ሳምንት ማጥቆር ቆመ።

"እጅ ማረፍ አለበት" አለ አባባ።

ፀሐይ ስትጠልቅ እታለም አልጋ ውስጥ እንድትገባ ታዘዘ። አባባ የበሩን ማጠፊያ ሁሉ ዘይት አጠጣ። ወፍራሙን መጽሐፍ ከትራሷ ሥር መዝዞ ከቀለም ቆርቆሮዎቹ ጋር ቆለፈበት። ጋሼ በደጃችን ሲያልፍ እንዳይስል ተነገረው፤ በእጁ አፉን ይዞ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ያልፍ ነበር። የሚያርፈው እጅ ከሆነ እግሯና ዓይኗ ለምን አብረው እንደሚተኙ ጠየቅሁ።

"እጅ ብቻውን አይተኛም" አለኝ አባባ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። እማዬ ሥራ ላይ ስለነበረች እኔን የሚይዘኝ ስላልነበረ አባባ ይዞኝ ሄደ። አዎ፣ አባባም ሄደ። መሰላል ተሸክሞ። ለካ ከሳምንት በፊት ርእሰ መምህሩ ዘንድ ቀርቦ የፈተናው አዳራሽ ግድግዳ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ "ጸጥታ" ብሎ በነጻ ሊጽፍላቸው ተስማምቷል።

"ከፈተናው በፊት አይሻልም?" ብለውት ነበር ርእሰ መምህሩ።

"ጸጥታ የሚያስፈልገው ዕለቱን ነው" አላቸው።

መሰላሉን ሦስተኛው መስኮት አጠገብ አቆመ። እታለም የተቀመጠችው ሦስተኛው መስኮት አጠገብ ነው። እኔ ዛፍ ሥር ጄሪካን ላይ ተቀመጥኩ።

የጠዋቱ ፈተና ሲያልቅ ግድግዳው ላይ የነበረው "ጸ" ብቻ ነው። መነጽር ያደረጉ አንድ ፈታኝ ወጡ። ፊደሏን አዩ። አባባን አዩ።

"አባት፣ ይሄ ቃል ስንት ቀን ይፈጃል?"

"ጸጥታ በጥድፊያ አይጻፍም፣ ጌታዬ።"

"አራት ፊደል እኮ ነው!"

"ሦስት ነው" አለ አባባ በእርጋታ። "ያስተማሯቸውን ልጆች ፈራሁላቸው።"

ከሰዓት ሙቀቱ በረታ። ዝንብ እንኳ የምትበረው ቀስ ብላ ነበር። አባባ "ጥ"ን ጀምሮ ግማሹ ላይ ቆሟል፤ ብሩሹ ደርቋል፤ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነው። እኔም ጄሪካኑ ላይ ቆሜ አየሁ። የእታለም ጭንቅላት ዘንበል አለ። ቀና አለ። ዘንበል አለ። ቀና አለ። ዘንበል አለ። ጉንጯ ወረቀቱን ሊነካ ሁለት ጣት ቀረው።

ሰማያዊ ቀለም የሞላው ትልቁ ቆርቆሮ ከመሰላሉ ጫፍ ወደቀ።

እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። መጀመሪያ መሰላሉን፣ ከዚያ ደረጃውን፣ ከዚያ የብረት በሩን መታ፤ ከዚያ እየተንከባለለ ግቢውን ሁሉ አዳረሰው። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ራስ ሁሉ ተነሳ። አንድ ልጅ "አልቀዳሁም!" ብሎ ጮኸ። ጫማዬ ሰማያዊ ሆነ። ፈታኙ እየበረሩ ወጡ።

"እንዴ! ሰውዬ! ጸጥታ እየጻፉ እንዲህ ይረበሻል?"

"ገና ስላልጨረስኩት ነው" አለ አባባ ከላይ።

አፈርኩ። አባቴ በሕይወቱ ቆርቆሮ ጥሎ አያውቅም። በመስኮቱ እታለምን አየኋት፤ ዓይኗ ፈጦ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። በአባባ የተናደደች መሰለኝ። ከዚያ አጎነበሰችና እስከ መጨረሻው ደወል ቀና አላለችም። አባባም "ታ"ን በሦስት ደቂቃ ጨረሳት።

አለፈች። በሁለት ወሩ ወረቀቱ መጣ፤ እማዬ እልል አለች፤ ጋሼ ያለ አንዲት ነጠላ ሰረዝ "እንኳን ደስ ያላችሁ" አለ። ከዚያ ሁለተኛው ወረቀት፣ የተመደበችበትን የሚናገረው፣ ተከፈተ።

"አፈር" አለች እታለም።

"ምን?" አለች እማዬ።

"የአፈር ሳይንስ።"

"አፈር ስሆን፣ ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ያንብቡት።"

ጋሼ መነጽሩን አደረገ። "አፈር፣ ነው፣ የሚለው።"

እኔ ብቻ አልገረመኝም። ትል ለበላች ዶሮ ከአፈር ሌላ ምን ትዝ ሊላት ነው?

"ምን ይከፋል?" አለ አባባ። "መጨረሻ ላይ ሁላችንም የምንገባበት ነው። አንድ ሰው አስቀድሞ ቢያጠናልን ጥሩ ነው።"

እኔን ማንም አልጠራኝም። ፌስታሌን ይዤ በር ላይ ሁለት ቀን ከጠበቅሁ በኋላ እታለም የእርሳስ ሳጥኗን ሰጥታኝ ሄደች።

ይሄ ከሆነ ሃያ አምስት ዓመት ሆነው። እታለም ዛሬ የአፈር ዶክተር ናት፤ ስለ መሬት ትሎች የጻፈችውን የሚያነቡ ሰዎች አሉ፣ እንዲያውም ተሰብስበው ያጨበጭቡላታል። ምስጢሬን ሃያ አምስት ዓመት ተሸክሜ፣ ባለፈው ወር ቤተሰቡ ምሳ ላይ እንደተሰበሰበ፣ አልቻልኩም።

"እታለም" አልኩ፣ "ይቅር በይኝ። ያንን ፎርም ያጠቆርኩት እኔ ነኝ። ትል ነበረች።"

እታለም ዳቦዋን መቁረስ አላቆመችም። "አውቃለሁ።"

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"አየኋት። ያን ማታ ትሪውን ሳነሳ አየኋት። ስድስት ወር ሙሉ ስቄ አላውቅም ነበር፤ ትራስ ነክሼ ሳቅሁ። 'መቼም አላልፍም፣ ትል ትሁን' ብዬ ፈረምኩ።"

"እኔ ግን" አለች እማዬ፣ "ሕክምና ነበር ያልኩት።"

እታለም ወደ አባባ ዞረች። ቀኑ የኑዛዜ ቀን መሆኑ የገባት መሰለኝ።

"አባባ፣ እኔም አንድ ነገር አለኝ። በመጀመሪያው ዓመት… ማሽኑ አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ሳጠና አድሬ ፈተናው ላይ ተኛሁ። ፈታኙ ነው የቀሰቀሰኝ። ወረቀቱን ከጉንጬ ላይ ነው የላጠው።"

አባባ ሻዩን አማሰለ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ማንኪያው ብርጭቆውን ቅጭል ቅጭል ያደርገዋል።

"አሥራ አንድ ነበሩ" አለ።

"ምኖቹ?"

"ጉንጭሽ ላይ የነበሩት ነጥቦች። የሳሳ ቀለም እንዲያ አድርጎ አይታተምም። ማጥቆሩንስ አሳምረሽ ነበር ያጠቆርሽው።"

እታለም ዳቦዋን አስቀመጠች። "ታዲያ ስድስት ወር ለምን ክብ አስጠቆርከኝ?"

"ሌላ ምክንያት መች ሰጠሽኝ? እኔ የምሠራው ደንበኛ ያመጣውን ነው።"

"ቆርቆሮውስ?" አልኩ እኔ።

"የቱ ቆርቆሮ?"

"ከመሰላሉ የወደቀው! ሰማያዊው!"

አባባ እጁን አንስቶ አሳየኝ። "እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አታዪም?"

እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው ካቻምና ነው።

በሳምንቱ እታለም ቢሮ ሄድኩ። በሩ ላይ ያለውን ታፔላ አባባ ነው የጻፈው፣ ሥራ ከማቆሙ በፊት የመጨረሻው። መቶ ጊዜ አንብቤዋለሁ፦ "የአፈር ምርምር ክፍል ኃላፊ። ሳያንኳኩ አይግቡ። አባባ፣ መነጽርህን አድርገህ ጻፈው።" እታለም ይቀየር ብላ አታውቅም። ከታች፣ ጥግ ላይ፣ ሁልጊዜ የቀለም ፍንጣቂ የሚመስሉኝ ትንንሽ ሰማያዊ ነጥቦች አሉ። ያን ቀን ግን ቆጠርኳቸው። አሥር ናቸው። ቆልመም ያለችው ከላይ ናት፣ ጭንቅላቷ ከታች።

ኮሪደሩ መሃል አጎነበስኩና በእግሮቼ መሃል አየሁ። እሷ ናት። ከነወዝወዟ፣ ከነጅራቷ። አባባ ያን ቀን ገልብጦ እንዳያት እንዳለች አስፍሯታል፤ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ።

የተደረደሩ ተማሪዎች ነበሩ፤ የቃል ፈተና አላቸው መሰለኝ፣ ሁሉም በከንፈራቸው ያጠናሉ። "ደህና ኖት?" አለችኝ አንዷ። ልመልስላት ስል ከበሩ ጀርባ ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ያለ፣ ረጅም፣ እኩል የሆነ። እህቴ ታንኮራፋለች። ጉንጯ የስንቱ ተማሪ ወረቀት ላይ እንዳረፈ ታየኝ።

ዙሪያዬን አየሁ። ከእሳት ማጥፊያው አጠገብ አሸዋ የተሞላ የብረት ባልዲ ነበር። አሸዋውን ቀስ ብዬ ጥግ ላይ ገለበጥኩ፣ ባልዲውን ከራሴ በላይ አነሳሁ፣ ትንፋሼን ያዝኩ።